ገንዘቡ መርካቶ፣ ሕፃኑ ወልቂጤ

ወልቂጤ ውስጥ ሕፃናትን ሳክም ከምጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ የምትነግረኝ «ከታመመ ስንት ቀኑ ነው?» የምትለው ናት። የባለሱቁ ልጅ ማታ አተኩሶት ጠዋት ይመጣል። በቀን ሥራ የምትተዳደረው እናት ልጅ ግን በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ነው የሚደርሰው። የሁለቱም ሕመም የሳንባ ምች ነው። የመጀመሪያው በውኃ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ኦክስጅን ይፈልጋል።

ከሰሞኑ አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን አዝላ መጣች። አስተኝቼው ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቆጠርሁ፤ 68 ነበር። በዚህ ዕድሜ 50 ከደረሰ ፈጣን ነው እንላለን። አየር በሳበ ቁጥር የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ቤቷ ከእኛ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም።

«እህቴ፣ ምነው እስካሁን ቆየሽ?» አልኳት።

«አባቱ አዲስ አበባ ነው፤ እስኪደውል ጠበቅሁ። ለካርድም ለመድኃኒትም በእጄ የለም።»

ልጁ ድኗል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ቤተሰቡ ጨርሶ ገንዘብ ያጣ አለመሆኑ ነው። ገንዘቡ መርካቶ ነበር፣ ውሳኔውም እዚያው። ሕፃኑ ደግሞ እዚህ።

ይህን የምለው ባየሁት ብቻ ተመርኩዤ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው ቡታጅራና በዙሪያዋ፣ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በአሥር ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። ከዚያው ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት፣ በቤቷ ውሳኔ ላይ ድርሻ የሌላት እናት ልጆች ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። በየዕለቱ የማየው ይኸንኑ ነው።

በአገር ደረጃ የተገኘው ለውጥ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እግርና የክትባት ፍሬ ነው። ሆኖም በዚያው በ2016 ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት በከተማ 79 በመቶ፣ በገጠር 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ከተማ» የሚለውም ቃል የሚሸፍነው ብዙ ነው። ባለ ፎቁም፣ ከጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይታ ጉሊት የምትቸረችረውም በአንድ ቁጥር ይደመራሉ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መክፈል የማይችሉትን በመንግሥት ወጪ ያቅፋል፤ ነገር ግን ድሃውን የሚመለምለው ቀበሌ ነው። ከገጠር መጥታ መታወቂያ ያላወጣችን ተከራይ ቀበሌው በምን ያውቃታል? እዚህ ላይ የቀበሌ አመራሮች ሊያስቡበት ይገባል፤ የሕፃን ሕክምና መታወቂያ እስኪወጣ አይጠብቅም።

ከቀበሌው ሌላ ግን አባቶችም ድርሻ አላቸው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የነበሩ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ አሠርተዋል። የዚያ ትውልድ ልጆች አሁን የምለምነው ትንሽ ነገር አያቅታቸውም። ስለዚህ አዲስ አበባ ለምትሠሩ አባቶች ልመናዬ ይህ ነው፦ ዛሬ ማታ ስትደውሉ ለባለቤታችሁ «ልጁ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ጡት እንቢ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው እኔን አትጠብቂ፣ ይዘሽው ሂጂ» በሏት። ለካርድና ለመድኃኒት የሚሆን ገንዘብም አስቀድማችሁ በእጇ አኑሩ፤ የመድኑንም ዓመታዊ መዋጮ ጊዜው ሳያልፍ ክፈሉ።