ገንዘቡ በስንት ሰዓት ይመለሳል?

ጫት አይቆይም። ከተቆረጠ ሁለት ቀን ሳይሞላው ኃይሉም ዋጋውም ይወርዳል። ከገለምሶ፣ ከበዴሳና ከጭሮ ዙሪያ የሚነሳው ጭነት የሚጣደፈው ለዚህ ነው፤ ክፍያውም አብሮት መፍጠን አለበት። ባንክ ቤት «ሲስተም የለም» በተባለ ቀን የእነዚህ ከተሞች ገበያ በሙሉ ይጨነቃል።

ባንኮች ለእንዲህ ያለው ቀን ሁለት መለኪያ አላቸው። አር.ቲ.ኦ የሚባለው አገልግሎቱ ከተቋረጠ በኋላ መመለስ ያለበትን ጊዜ ይወስናል። አር.ፒ.ኦ ደግሞ የስንት ደቂቃ ወይም የስንት ሰዓት ምዝገባ ቢጠፋ መታገሥ እንደሚቻል ይናገራል። መጠባበቂያ ቅጂ የሚወሰደው ሌሊት ብቻ ከሆነ፣ ከቀትር በኋላ የተበላሸ ማሽን የጠዋቱን ገቢና ወጪ ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ግን ከሁለቱም መለኪያ ያመለጠ ነበር። ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተዛመተ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነ ፕሬዚዳንቱ አቶ አቤ ሳኖ ተናገሩ። አገልግሎቱ በዚያው ቀን ሲመለስ ገንዘቡን ማስመለስ ግን ሳምንታት ፈጀ፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ እስከመለጠፍም ተደረሰ።

እዚህ ላይ የጠፋ መረጃ አልነበረም። የተመዘገበው ሁሉ አለ፤ መፈቀድ ያልነበረበት ተፈቅዶ ተመዘገበ እንጂ። እንዲህ ባለ ጊዜ ተጠባባቂው የመረጃ ማዕከል አያድንም፤ የተላከለትን ስሕተት እንዳለ ይቀዳልና። ስለዚህ «በስንት ሰዓት ተመለሰ?» ብቻ ሳይሆን «ሒሳቡ በስንት ቀን ታረመ?» ተብሎም መለካት አለበት።

ቅጂ መኖሩም በራሱ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. ጥር 2017 ጊትላብ የተባለው ኩባንያ ዋና የመረጃ ቋቱ በስሕተት ሲደመሰስበት፣ የተመካባቸው የመጠባበቂያ ዘዴዎች እንደታሰቡት አልሠሩም፤ የ6 ሰዓት ያህል መረጃ ጠፋ። ቅጂውን መልሶ ሞክሮ ያላየ ባንክም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም።

የኢንተርኔት መስመሩ ሲቆረጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ አዲስ አበባ ያለ ጤነኛ ሰርቨር በስልኩ መክፈል ለለመደ ሰው ምንም አልፈየደለትም።

ብሔራዊ ባንክ የሁለቱን መለኪያዎችና የሒሳብ ማረሚያውን ጊዜ ቁጥሮች፣ የሙከራቸውንም ውጤት፣ ባንኮች በየዓመቱ ለደንበኛ እንዲያሳውቁ ማስገደድ አለበት። ያኔ የሒርና ጫት ነጋዴ ለስንት ቀን የሚሆን ጥሬ ገንዘብ በእጁ መያዝ እንዳለበት አስቀድሞ ያሰላል።