ሻንተክሌር፦ ውርጭ የማይደፍራት ዶሮ

ለብርድ አገር የምትሆን እንቁላል ጣይ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ የሚያየው የላባዋን ጥቅጥቅነትና የገላዋን ሙላት ነው። አልተሳሳተም፤ ግን ራሷንም ልብ ቢል ይሻለዋል። ዶሮ ስለማያልባት ሙቀት ከምታስወጣባቸው መንገዶች አንዱ ኩክኔዋና ከመንቆሯ ሥር የሚንጠለጠለው ቀይ ቆዳ ነው። ይህ ለቆላ ትልቅ ጸጋ ነው። ውርጭ ሲመታው ግን የኩክኔው ጫፍ ይጠቁርና ደርቆ ይረግፋል፤ ውሃ ስትጠጣ የራሰው ቆዳም እዚያው በረዶ ይይዘዋል። እንዲህ የተጎዳች ዶሮ እንቁላል ትቀንሳለች፤ አውራውም የማራባት አቅሙ ይዳከማል።

ነገሩን ከሥሩ ለመፍታት የተነሡት ካናዳዊ መነኩሴ ናቸው። በኩቤክ፣ በኦካ የትራፒስት ገዳም የዶሮ እርባታውን ይመሩ የነበሩት ዊልፍሪድ ሻትለን እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ማዳቀል ጀመሩ። የኮርኒሽ አውራ ለነጭ ሌግሆርን፣ የሮድ አይላንድ ሬድ አውራ ለነጭ ዋያንዶት ሰጡ። የሁለቱን ወገን ልጆች አገናኝተው፣ ከዚያ በተገኙት ቄቦች ላይ ደግሞ የነጭ ፕሊማውዝ ሮክ አውራ ጨመሩ። ሌግሆርን እንቁላል ትጥላለች፣ ኩክኔዋ ግን ትልቅ ነው፤ ኮርኒሽ ሥጋው የሞላ፣ ኩክኔው ያጠረ ነው። አሥር ዓመት ያህል ሲመርጡና ሲጥሉ ቆይተው በ1918 ዶሮዋን ሻንተክሌር ብለው ለሕዝብ አሳዩ። ነጭ ናት፤ ኩክኔዋ ከራስ ቅሏ ጋር የተጣበቀ ትንሽ ጉብታ ነው፤ ከመንቆሯ ሥር ያለው ቆዳም ከቁጥር አይገባም።

በዓመት 200 ገደማ ቡናማ እንቁላል ትጥላለች። ከ300 በላይ የሚጥሉት የዛሬዎቹ የፋብሪካ ዲቃሎች ይበልጧታል፤ ከገበያ ያስወጧትም እነሱ ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ጠፍታለች እስከመባል ደርሳ ነበር፤ በትንንሽ ገበሬዎች ጓሮ ግን ተርፋ ተገኘች። በ1999 የኩቤክ ሕግ ከካናዳ ፈረስና ከካናዳ ላም ጋር በቅርስነት መዘገባት። እንደኔ እንደኔ፣ ብዛት ብቻ ለሚቆጥር ሰው አትሆንም፤ እንቁላልም ሥጋም ከአንድ ጓሮ ለሚፈልግ ግን ከእሷ የተሻለች አላውቅም።

ዝርያ ብቻውን ግን ክረምት አያሻግርም። ዶሮ በደንብ እንድትጥል በቀን 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ትሻለች፤ በሞንትሪያል የታኅሣሥ ቀን ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ አምፖል ያስፈልጋል። ብርድ ፈርተው ቤቱን ጥርቅም አድርገው የሚዘጉት ደግሞ ይብሳሉ። ከትንፋሽና ከኩስ የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ ኩክኔ ላይ ያርፋል፤ ውርጭም የሚበረታው በራሰ ቆዳ ላይ ነው። አየር ከጣሪያው ሥር ይውጣ፣ ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን። ቆጡም ሰፋ ያለ ጣውላ ቢሆን፣ ዶሮዋ ስትቀመጥ ጣቶቿን በደረቷ ላባ ትሸፍናለች።

ኤድመንተንም ሆነ ሚኒያፖሊስ ጓሮ ያላችሁ ወገኖች፣ ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት የከተማችሁን ደንብ ጠይቁ፤ ሴት ዶሮ ፈቅደው አውራ የሚከለክሉ ከተሞች ብዙ ናቸው።