ከዳኛው ወገብ የሚወረወረው ጨርቅ

በአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል ዳኛ ባዶ እጁን ሜዳ አይገባም። ወገቡ ላይ ቢጫ ጨርቅ ሻጥ ያደርጋል፣ ጣቱ ላይ ላስቲክ ያስራል፣ ከመስመሩ ውጭ ደግሞ ሰንሰለት የያዙ ረዳቶች አሉት። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፣ ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ከጥቂት ሴንቲሜትር፣ ወደፊት ለመግፋት 4 ሙከራ ይሰጠዋል፤ ካልተሳካለት ኳሱ ለተጋጣሚው ይሄዳል። ስለዚህ ዳኞቹ ማን እንዳጠፋ፣ ሙከራው ስንተኛ እንደሆነ፣ ኳሱ የት እንደቆመ ሳያምታቱ መያዝ አለባቸው። ዕቃዎቹ የተፈጠሩት ሰው ይህን ሁሉ በጆሮውና በጭንቅላቱ ብቻ መያዝ ሲያቅተው ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 1941 ድረስ ጥፋት ያየ ዳኛ ጡሩምባ ይነፋ ነበር። ተመልካቹ በጮኸ ጊዜ ጡሩምባውን ማን ይስማው? በኦሃዮ የያንግስታውን ኮሌጅ አሰልጣኝ የነበረው ድዋይት ቢዲ ይህ ስላስመረረው፣ የሚሰማ ሳይሆን የሚታይ ምልክት አሰበ። የሰፋችለት ባለቤቱ ኢርማ ናት። ቀዩን ጨርቅ ከአሮጌ የሃሎዊን ልብስ፣ ነጩን ከአንሶላ ቀደደች፤ ሲወረወር እንዲሄድ ደግሞ ለዓሣ መንጠቆ ማጥለቂያ የሚታሰረውን የብረት ቁራጭ ጨመረችበት። ጥቅምት 17 ቀን 1941 (እ.ኤ.አ.) ያንግስታውን ከኦክላሆማ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወት ጨርቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ላይ ወደቀ። ፕሮፌሽናሉ ሊግ የተቀበለው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው።

የጨርቁ ብልሃት ዝም ማለቱ ላይ ነው። ፊሽካ ጨዋታውን ያቆማል፤ ጨርቅ ግን ጥፋት መኖሩን ተናግሮ ጨዋታውን ይለቀዋል። የተበደለው ቡድን ኳሱን ይዞ እሩቅ ከሄደ ቅጣቱን አልፈልግም ብሎ ያገኘውን ሊወስድ ይችላል።  የጨርቁ ክብደት ግን ጣጣም አምጥቷል። በ1999 በፕሮፌሽናሉ ሊግ አንድ ዳኛ የወረወረው፣ ውስጡ ጥቃቅን የብረት እንክብሎች የታሰሩበት ጨርቅ ኦርላንዶ ብራውን የተባለውን ተጫዋች ዓይኑን መታው። ተጫዋቹ ሊጉን ከሰሰ፤ ነገሩም በስምምነት አለቀ።

ስለ ፊሽካው ብዙ የሚባል የለም፤ ሆዱ ውስጥ የምትንከባለለው የቡሽ ፍሬ እየተጣበቀች ስላስቸገረች፣ ካናዳዊው የቅርጫት ኳስ ዳኛ ሮን ፎክስክሮፍት በ1980ዎቹ ፍሬ አልባውን ፎክስ 40 አሠራ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ላስቲኩ ነው። ከእጅ አንጓ ተነስቶ ጣት ላይ የሚጠለቅ ተራ ክር ነው፦ ለመጀመሪያው ሙከራ ሌባ ጣት፣ ለሁለተኛው የመሃል ጣት፣ እያለ እስከ ትንሿ ጣት። የሕፃን መቁጠሪያ ይመስላል፤ ግን ቁጥር የጠፋባቸውን ጨዋታዎች ማስታወስ ይበቃል። በ1940 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቡድን የዳርትማውዝ ኮሌጅን በመጨረሻዋ ቅጽበት 7 ለ 3 አሸንፎ ወጣ። በኋላ የጨዋታው ፊልም ሲታይ ግቡ የገባው በአምስተኛ ሙከራ ሆኖ ተገኘ። ዳኛው ስህተቱን አመነ፤ ኮርኔልም ድሉን ለዳርትማውዝ መለሰ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ ኮሎራዶ ሚዙሪን በአምስተኛ ሙከራ 33 ለ 31 አሸነፈ። ከመስመሩ ውጭ ሙከራውን የሚያሳየው ሰሌዳ ሳይገለበጥ ቀርቶ ነበር፤ ዳኞቹም አላስተዋሉም። ኮሎራዶ ግን እንደ ኮርኔል ድሉን አልመለሰም፤ በዚያው ዓመት የአገሪቱን ሻምፒዮንነት ከጆርጂያ ቴክ ጋር ተካፈለ።

ሰንሰለቱ በሁለት ዘንጎች መካከል የተወጠረ 10 ያርድ ነው። ለመለካት ወደ ሜዳው ውስጥ ሲገባ ጫፉ በግምት አይቀመጥም፤ በየ5 ያርዱ ከተሰመሩት መስመሮች በአንዱ ትይዩ ሰንሰለቱ ላይ የተቆነጠጠ ምልክት አለ፣ እሱ እዚያው መስመር ላይ ይያዛል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ኳሷን መጀመሪያ ያስቀመጠው ዳኛ በዓይኑ ገምቶ መሆኑን አይለውጠውም። ሰንሰለቱ ግምትን በሴንቲሜትር ይለካል ብል አልተሳሳትኩም።

ካሜራውም መጣ። ቢግ ቴን የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ በ2004 ውሳኔዎችን በቪዲዮ መከለስ ሞከረ፤ በ2006 ደግሞ አሠራሩ ለኮሌጆች በአገር ደረጃ ተፈቀደ። ዛሬ ቪዲዮ ክፍል ውስጥ ያለው ዳኛ የሙከራ ቁጥር ከተዛባ ማረም ይችላል። በ2025 ፕሮፌሽናሉ ሊግ የ10 ያርዱን ልኬት ለካሜራ ሰጠ፤ ሰንሰለቱን ግን ከሜዳው ዳር አላነሳም።