ልስላሴ ሁሉ ምቾት አይደለም፦ ስለ ጉዞ ሞተር ብስክሌት የኋላ ሾክ አብዞርበር



የዛሬው ርእሳችን ተራ የጋራዥ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ለረጅም ጉዞ የሚያገለግል ሞተር ብስክሌት የኋላ ሾክ አብዞርበሩ ሲቀየር ምቾቱ የሚሻሻለው እንዴት ነው? ብዙ ገንዘብ ወጥቶበትስ አንዳንድ ጊዜ የሚብሰው ለምንድን ነው? ጥያቄውን የመረጥሁት በንዝረት ትምህርት ሰሌዳ ላይ የምንጽፈውን ቀመር የሰው ወገብ የሚፈትነው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ነው።

በራሴ ስሕተት ልጀምር። በአሜሪካ የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ያገለገለ የጉዞ ሞተር ብስክሌት ገዛሁ። ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ፣ የጎን ሣጥኖቹን ሞልቼ ስጓዝ መንገዱ በተበላሸ ቁጥር ከኋላ ኃይለኛ ምት ይሰማን ነበር። «ደርቆብናል፤ የለሰለሰ ያስፈልገናል» አልሁና ለስላሳ ሞላ ያላቸው ሾክ አብዞርበሮች ገዝቼ በገዛ እጄ ገጠምሁ። ብቻዬን ስነዳው ደስ አለኝ። ለሁለት በተጓዝንበት የመጀመሪያ ቀን ግን ምቱ ባሰ፤ ባለቤቴም «ከእንግዲህ አልሳፈርም» አለች። በክፍል የተማርሁትን ይዤ ወደ ጋራዥ አልገባሁም ነበር።

ስሕተቱን ለመረዳት ከአንድ ቀላል ነገር እንነሣ። የኋላው ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ርቀት ውሱን ነው። ርቀቱ ሲያልቅ ሾክ አብዞርበሩ ከመጨረሻው ጎማማ ማቆሚያ ጋር ይጋጫል፤ ምቱም ሳይበርድ ወደ መቀመጫው ያልፋል። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1958 ዱዎ ግላይድ በተባለው ሞዴል ለትልልቅ ሞተር ብስክሌቶቹ የኋላ ሾክ አብዞርበር እስኪያበጅላቸው ድረስ የኋላው ጎማ ያለ ምንም ሞላ ከሻሲው ጋር የተያያዘ ነበር፤ ነጂውን የሚያግዘው ከመቀመጫው ሥር ያለው ሞላ ነበር። በኋላ ዘመንም ቁመናቸው ዝቅ ያሉ የጉዞ ሞዴሎች የሚንቀሳቀሱበት ርቀት አጭር ሆኖ ቆይቷል። ኩባንያው የ2024ቱን ስትሪት ግላይድ ሲያቀርብ ርቀቱን በ50 በመቶ ጨምሮ ወደ 76 ሚሊሜትር አድርሶታል።

ይህንኑ 76 ሚሊሜትር ይዘን እናስላ። በኋላው ጎማ ላይ የሚለካው የሞላዎቹ ድምር ግትርነት በሚሊሜትር 40 ኒውተን ነው፤ ነጂው ብቻውን ሲቀመጥም የኋላው ክፍል 25 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል እንበል። ተሳፋሪና ሻንጣ በዚያ ጎማ ላይ 90 ኪሎ ግራም ቢጨምሩ ክብደታቸው 883 ኒውተን ያህል ነው፤ ስለዚህ ሌላ 22 ሚሊሜትር እንወርዳለን። መንገዱ ለሚያመጣብን ጉብታ የቀረን 29 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ግትርነቱን ወደ 30 ብናወርደውስ? ነጂው ብቻውን ሲሆን ዝቅታው ያው 25 እንዲሆን ብናስተካክለው እንኳ፣ ያው ጭነት አሁን 29 ሚሊሜትር ያወርደናል፤ የሚቀረው 22 ይሆናል። እኔ በገንዘቤ የገዛሁት ልስላሴ ይህ ነበር።

ይህ ማለት ግን ግትር ሞላ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። የተቀመጠ ሰው አካል ቁልቁልና ሽቅብ ለሚሄድ ንዝረት ይበልጥ ስሱ የሚሆነው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ሲናወጥ ነው። ሞላው ለጭነቱ ከሚገባው በላይ ግትር ከሆነ የሞተር ብስክሌቱ የራሱ የንዝረት ድግግሞሽ ወደዚህ ክልል ይጠጋል። እንግዲህ ጥያቄው «ለስላሳ ወይስ ግትር?» ሳይሆን «ለየትኛው ክብደት?» የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። የሞላውን ቀለበት ማጥበቅ ሞላውን የሚያገትረው ይመስለናል። ግትርነቱ ወጥ በሆነ ሞላ ላይ ቅድመ ጭነት የሚለውጠው ሞተር ብስክሌቱ የሚቆምበትን ከፍታ ነው፤ ግትርነቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ተሳፋሪ ሲጨመር የጠፋውን ርቀት ለማስመለስ ያገለግላል፤ ያልተመጠነን ሞላ ግን የተመጠነ አያደርገውም።

ሞላ ጉልበትን ያከማቻል፤ መልሶም ይሰጣል። ያንን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጠው በጠባብ ቀዳዳዎችና በቫልቮች መካከል የሚገፋው ዘይት ነው። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፤ ከአየር ጋር ሲቀላቀልም አረፋ ይሠራል፤ በሁለቱም መንገድ የማርገብ ኃይሉ ይደክማል። በተሻሉት ሾክ አብዞርበሮች ውስጥ ናይትሮጅን ጋዝ በግፊት የሚሞላው ይህን አረፋ ለመከላከል ነው። ማርገቢያው ሲደክም ጎማው በየጉብታው ከመንገዱ ይነጠላል፤ ፍሬንና መሪም የሚተማመኑበትን ንክኪ ያጣሉ። በመሆኑም ጉዳዩ ከወገብ ሕመም ያለፈ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ታዲያ ከመግዛታችን በፊት ምን እናድርግ? አስቀድመን የጎማውን አየር እንለካ። ቀጥሎ የኋላው ጎማ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጎማው እምብርት እስከ መቀመጫው ሥር ያለውን ርቀት እንለካ፤ ከዚያም በተለመደው ጭነት ተቀምጠን ደግመን እንለካ። የሁለቱ ልዩነት ዝቅታው ነው። በልማድ የሚመከረው ከጠቅላላው ርቀት ከሩብ እስከ ሢሶ ነው፤ ለ76 ሚሊሜትር ከ19 እስከ 25 መሆኑ ነው። ቅድመ ጭነቱ እስከ መጨረሻው ጠብቆም ዝቅታው ከዚህ ከበለጠ ግትር ሞላ ያስፈልጋል። ሙሉ በሙሉ ላልቶም ካነሰ ለስላሳ ሞላ ይሻላል። ዝቅታው ትክክል ሆኖ ከጉብታ በኋላ መዋለሉ ካልቆመ ግን የደከመው ማርገቢያው ነው።

እኔም በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በአንድ የሜትር ገመድ ለካሁ፤ ለሁለታችን ክብደት የሚመጥን ሞላ አስገባሁ፤ ብቻዬን ስሆን ቅድመ ጭነቱን አላላለሁ፤ ከባለቤቴ ጋር ስሆን አጠብቀዋለሁ። ከብዙ ልመና በኋላ ተሳፈረች፤ ስንደርስ ስለ ወገቧ አላነሣችም። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፦ ዕቃ ከመለወጣችሁ በፊት ለኩ።