የስፖርት አስተዳደር ትምህርት ወደ ገበያ ሥራ እንዴት ያደርሳል?

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ «ምን ልማር?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ወላጅ የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሕክምና፥ ምሕንድስና፥ ሕግ ወይም የሒሳብ አያያዝ ይባላል። ልጁ ራሱ «የስፖርት አስተዳደር ልማር» ያለ እንደ ሆነ ግን አባት ግንባሩን ይቋጥራል። «ጨዋታ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ተምሮስ የት ይቀጠራል?» ይላል። ጥያቄው ለልጅ ከማሰብ የመጣ ነውና አይነቀፍም። በቂ መልስ ያለው ስለ ሆነ ግን፥ ይህ ትምህርት ምን እንደ ሆነ፥ ማርኬቲንግ ከሚባለው የገበያ ሙያ ጋር በምን እንደሚገናኝ፥ ለአገራችንም ምን እንደሚጠቅም በተራ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ትርጕሙን እንያዝ። የስፖርት አስተዳደር ሩጫን ወይም ኳስን መለማመድ አይደለም፤ ውድድርን ማሰናዳት፥ ክለብን መምራት፥ ስታዲየምን በሥራ ላይ ማዋል፥ የስፖርትን በጀት፥ ውልና ደንብ ማወቅ ነው። ማርኬቲንግም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ማስታወቂያ መለጠፍና በድምፅ ማጉያ መጮኽ ብቻ አይደለም። ሰው ምን እንደሚሻ መርምሮ፥ የሚሻውን ነገር በሚስማማው ቦታ፥ ቀንና ዋጋ አቅርቦ፥ የተገባለትን ቃል ፈጽሞ፥ ነገም በፈቃዱ ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ ነው።

ሁለቱ ሙያዎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሳሙና የሚሸጥ ነጋዴ ሳሙናው ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት መሆኑን ያውቃል። የስፖርት አስተዳዳሪ ግን የሚያቀርበው ነገር መጨረሻው አይታወቅም፤ ቡድኑ ይሸነፍ ይሆናል፤ ሰማዩ ይጠቍር ይሆናል። ይህም ሆኖ ሕዝቡን በፈቃዱ ሰብስቦ፥ ደስ አሰኝቶ፥ በሰላም ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። የሰውን ፍቅር በሥርዓት መያዝን በእንዲህ ያለ አስቸጋሪ ሥራ ላይ የተማረ ሰው፥ ባንክ ቢቀጠር ወይም አየር መንገድ፥ ለገበያ ሥራ እንግዳ አይሆንም።

ትምህርቱ ራሱ የትናንት ፈጠራ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 የብሩክሊን ዶጀርስ የቤዝቦል ክለብ ባለቤት ዋልተር ኦማሊ ለጄምስ ሜሰን፥ ለአንድ መምህር፥ በጻፉት ደብዳቤ፥ ስፖርትን ለማስተዳደር የሠለጠነ ሰው ከወዴት ይገኛል ብለው ጠየቁ። ከዚህ አሳብ ተነሥቶ በ1966 በአሜሪካ የሚገኘው የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በማስተርስ ደረጃ ከፈተ። በ1984 በሎስ አንጀለስ የተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ደግሞ በፒተር ዩበሮዝ መሪነት የቴሌቪዥን መብትን በመሸጥና ከድርጅቶች ጋር በመዋዋል ከ200 ሚሊዮን ዶላር የበለጠ ትርፍ አስገኘ። ከዚያ ወዲህ ስፖርት ገንዘብ የሚበላ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ የሚያመጣ ሥራ መሆኑ በዓለም ታወቀ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግራቸው ሮጠው ሲያሸንፉ፥ እኛ የተመለከትነው ክብራችንን ነው። ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባሉት ጃፓናዊ የጫማ ፋብሪካ ባለቤት ግን ከክብሩ ጋር ሌላም ነገር ተመለከቱ። በሰኔ 1953 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ለውድድር ወደ ጃፓን በሄዱ ጊዜ ወደ እርሳቸው ቀርበው የፋብሪካቸውን ጫማ አድርገው እንዲሮጡ አግባቧቸው። ሻምበል አበበም በጫማው ሮጠው አሸነፉ። ያ ፋብሪካ ዛሬ አሲክስ በሚል ስም በዓለም የታወቀ ድርጅት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ቪብራም የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ በባዶ እግር የመሮጥ ያህል የሚሰማ ጫማ ሠርቶ «ቢቂላ» ብሎ ሰይሞ ለገበያ አቀረበ። የሻምበሉ ቤተሰብ ስማችን ያለ ፈቃዳችን ተወሰደ በማለት በ2015 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ነገሩን ካወቁ በኋላ ክሱን ለማቅረብ ዘግይተዋል ሲል በ2016 መዝገቡን ዘጋው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በዛሬው ዘመን ግን ስም ከመቃብር በላይ ይሸጣልም። የታላላቅ ሯጮቻችንን ስም በንግድ ምልክትነት የሚያስመዘግብ፥ በየአገሩ ገበያ የሚከታተል፥ ውሉን በጊዜው የሚጽፍና ክሱን በጊዜው የሚያቀርብ ባለሙያ ከሌለን፥ ልፋቱ የእኛ፥ ዋጋው የሌላ ሆኖ ይቀራል።

በጎ ምሳሌም አለን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር የመሠረቱት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሯጮች ተጀመረ፤ ኋላም የሯጩ ቍጥር ከ40,000 በላይ ሆነ። የዚህ ሩጫ ጥበብ ምን እንደ ሆነ አስተውሉ። የሚሸጠው አሸናፊነት አይደለም፤ አብዛኛው ሯጭ እንደማያሸንፍ ያውቃልና። የሚሸጠው ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ ጋር በአንድ ዓይነት ካናቴራ አንድ ቀን በደስታ መዋል ነው። ካናቴራው የመግቢያ ካርድ ሆኖ ያገለግላል፤ ወጪውን ለሚደግፈው ድርጅት፥ ማለት ለስፖንሰሩ፥ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ሩጫው ካለፈ በኋላም ወሩን ሙሉ በየመንደሩ ሲለበስ ይታያል። አንድ ጨርቅ ሦስት ሥራ ሠራ ማለት ነው። ማርኬቲንግ የሚባለውም ይኸው ነው።

በእግር ኳስ በኩል ግን ገና ብዙ ይቀረናል። ከታላላቆቹ ክለቦቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት፥ በሕዝብ ድርጅት ወይም በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። ሌሎቹ በቢራ ፋብሪካዎች ገንዘብ ላይ ተደግፈው ቆይተዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ሲከለክል፥ በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ የቆመ ቤት እንዴት እንደሚነቃነቅ ታየ። በጀት አጽዳቂና መርማሪ የሆናችሁ አንባብያን ይህን ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ገቢውን ከቲኬት፥ ከማልያ ሽያጭ፥ ከደጋፊ መዋጮና ከልዩ ልዩ ስፖንሰሮች የሚያሰባስብ ሰው የሌለው ክለብ፥ ዘወትር የሕዝብ ገንዘብ ተጠማኝ ነው። በሰሜን ወሎ በወልድያ ከተማ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን ዓሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ከ25,000 በላይ ተመልካች እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ሕንፃ ሲሚንቶና ብረት ያቆመዋል፤ ዓመቱን ሙሉ በሰው የሚሞላው ግን የገበያ ዕውቀት ነው።

ከወልድያ ወደ ላስታ ብንወጣ ደግሞ የሙያውን መልክ በምሳሌ ለማየት ይመቸናል። ከላሊበላ ከተማ በላይ፥ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ ከዓለት የተፈለፈለችው አሸተን ማርያም አለች። ወደ እርሷ የሚሄድ እንግዳ በእግሩ ወይም በበቅሎ አቀበቱን ይወጣል። እንግዲህ አንድ የስፖርት አስተዳደር ምሩቅ በዚህ አቀበት ላይ የተራራ ሩጫ ለማሰናዳት አሰበ እንበል። ሩጫው በአሳብ ብቻ ያለ ነው።

ምሩቁ አስቀድሞ ቀኑን ይመርጣል። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ይገባል። በገና ከተማው በተሳላሚ ስለሚሞላ ማደሪያ አይገኝም። ወር በገባ በ21 የማርያም በዓል ነው። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ስለሚቆም መንገዱን ገበሬውና አህያው ይይዙታል፤ እሑድ ጧትም ቅዳሴ አለ። ስለዚህ ዝናቡ ካበቃ በኋላ በጥቅምት፥ ከበዓሉ ቀን ፈንጠር ብሎ፥ ከቅዳሴ በኋላ ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ እንግዳውን ያጠናል። ከቆላ ወይም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሯጭ ከፍታውን እስኪለምድ ጥቂት ቀናት ያስፈልጉታል። እነዚህም ቀናት ለሆቴሉ፥ ለአስጎብኚውና ለባለ በቅሎው ገቢ ናቸው፤ ስለዚህ የሩጫው ጥቅም በመመዝገቢያው ዋጋ ብቻ አይቈጠርም። በቅሎዎቹንም ውሃ እንዲያደርሱና የደከመውን እንዲያወርዱ ያሰማራቸዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚከተለውን ያውቃል። ከካህናቱና ከአገሩ ሽማግሌዎች ፈቃድ ሳያገኝ ነገሩን አይጀምርም፤ የሩጫውን መጨረሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዝቅ ብሎ ያደርገዋል፤ የስፖንሰሩንም ስም ከማርያም ስም ጋር አያትምም። የማይሸጠውን ለይቶ የማያውቅ ሰው የሚሸጠውንም አያውቅም። ይህን ሥራ በሚገባ የፈጸመ ወጣት፥ አንድ ባንክ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፍት ወይም አንድ ፋብሪካ አዲስ ዕቃ ሲያወጣ፥ ማንን፥ መቼና እንዴት እንደሚጠራ ለማወቅ አይቸግረውም።

ይሁን እንጂ የምስክር ወረቀት ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ተማሪው ሦስት ነገር ማድረግ ይገባዋል። አንደኛ፥ ገና በትምህርት ቤት ሳለ በውድድር ቦታ በፈቃዱ ያገልግል፤ ውሃ ማደልና ሯጭ መመዝገብ የሰውን ጠባይ ያስተምራልና። ሁለተኛ፥ ሒሳብና ስታትስቲክስ፥ እንዲሁም የውል አጻጻፍ በሚገባ ይማር፤ ስፖንሰር የሚሰጠው ገንዘብ ምን እንዳስገኘለት በቍጥር ማየት ይሻልና። ሦስተኛ፥ የመጀመሪያ ሥራው በፌዴሬሽን ወይም በክለብ ዝቅተኛ ቢሆንም አይናቅ፤ ቲኬት ከመሸጥ ወደ ስፖንሰር መፈለግ፥ ከዚያም ወደ ትልቅ ድርጅት የገበያ ክፍል መሻገር የተለመደ መንገድ ነው።

እንግዲህ ልጃችሁ ይህን ትምህርት እወዳለሁ ቢላችሁ ከመቈጣት አስቀድማችሁ ጠይቁት። ሰውን በፈቃዱ መሰብሰብ ትወዳለህን? የተሰበሰበውን ሕዝብ ገንዘብና እምነት በታማኝነት ትጠብቃለህን? አዎን የሚላችሁ ከልቡ ከሆነ መርቃችሁ ስደዱት። አገራችን የሚሮጡ ልጆች አላጣችም፤ የጐደሏት የሯጮቿን ዋጋ የሚያውቁና የሚጠብቁ ልጆች ናቸው።