ሳይጭኑ መቅመስ፦ ጀማሪ አዲስ ስርዓተ ክወና የሚሞክርበት መንገድ

ስርዓተ ክወና ኮምፒውተር ሲበራ የሚነሣ፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ሃርድ ዲስኩንና የቁልፍ ሰሌዳውን እያስተዳደረ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን መደላድል የሚያዘጋጅ መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ብዙ ሰው ኮምፒውተር ሲገዛ ዊንዶውስ ተጭኖበት ስለሚያገኘው ማሽኑና ስርዓቱ የማይነጣጠሉ ይመስሉታል፤ ይሁንና አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተካት፣ ወይም ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖር ይቻላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት መጠበቂያና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ አሮጌ ነገር ግን ጤነኛ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሌላ ስርዓት ለመሞከር በቂ ምክንያት አለው።

ከአማራጮቹ ዋነኛው ሊኑክስ ነው። ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው ሊኑክስ በትክክለኛ ትርጉሙ ከርነል፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ከማሽኑ አካላት ጋር የሚያገናኝ የስርዓቱ እምብርት ነው፤ በዚህ እምብርት ዙሪያ የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ የኢንተርኔት ማሰሻና ሌሎች ፕሮግራሞች ተጨምረው የሚሰናዳው ሙሉ ጥቅል ግን ዲስትሪቢውሽን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኡቡንቱና በ2006 የጀመረው ሊኑክስ ሚንት ለጀማሪዎች በብዛት ከሚመከሩት ጥቅሎች መካከል ሲሆኑ፣ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

ጀማሪው የሚሰጋው ኮምፒውተሩ ፎርማት ሆኖ የዓመታት ፎቶና ጽሑፍ እንዳይጠፋበት ነው፤ ስጋቱም መሠረተ ቢስ አይደለም። ነገር ግን በኮምፒውተር ላይ የሚደረገው ሁሉ እኩል አደጋ የለውም። በራም ላይ የሚሠራ ሥራ ኃይል ሲቋረጥ ያለ ዱካ ይጠፋል፤ ከዲስክ ማንበብም በዲስኩ ያለውን አይለውጥም፤ ጸንቶ የሚቀረው በዲስኩ ላይ የሚጻፈው ብቻ ነው። ስለዚህ የጥንቃቄው ሁሉ ፍሬ ነገር ዲስኩ ላይ ከማይጽፈው ሙከራ ጀምሮ፣ ወደሚጽፈው በመጨረሻ መድረስ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የፋይሎች ቅጂ፣ በተለምዶ ባክአፕ የሚባለው፣ ሊኖር ይገባል። እዚህ ላይ የተለመደ ስሕተት አለ፦ ፋይልን ከ«ሲ» ወደ «ዲ» ማዛወር ቅጂ እንደ መያዝ ይቆጠራል። በብዙ ላፕቶፖች ግን «ሲ» እና «ዲ» በአንዱ ዲስክ ላይ የተሰመሩ ሁለት ክፍሎች እንጂ ሁለት ዲስኮች ስላልሆኑ፣ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ሲጠረግ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ቅጂ የሚባለው ከማሽኑ ውጭ፣ በተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ የተቀመጠና በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ የታየ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ላይቭ የሚባለው ነው። ይህም ስርዓቱ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ሳይጫን በቀጥታ ከፍላሽ ተነሥቶ በራም ላይ የሚሠራበት ዘዴ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ክኖፒክስ አማካይነት፣ ያኔ በሲዲ፣ በሰፊው ታውቋል። ዛሬ ተጠቃሚው የስርዓቱን ፋይል ከአዘጋጆቹ ድረ ገጽ ያወርዳል፤ ፋይሉ ሳይጎድል መድረሱን ለማወቅም በገጹ ላይ የተሰጠውን ባለ 64 ሆሄ የማረጋገጫ ኮድ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ከሚሰላው ኮድ ጋር ያመሳክራል፤ አንድ ሆሄ እንኳ ቢለያይ ፋይሉ ተጥሎ እንደገና ይወርዳል። ከዚያ ሩፈስን በመሰለ ፕሮግራም ፋይሉ ወደ ፍላሽ ይጻፋል፤ ይህ ሥራ በፍላሹ ላይ የነበረውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ባዶ ፍላሽ መምረጥ ያሻል። በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ሲበራ እንደ አምራቹ ኤፍ12ን ወይም ሌላ ቁልፍ በመጫን ማሽኑ ከፍላሹ እንዲነሣ ይታዘዛል።

ሚንት በዚህ መልክ ሲነሣ ከዴስክቶፑ ምልክቶች አንዱ ስርዓቱን ለመጫን የሚያገለግለው ነው፤ እርሱ እስካልተከፈተና ተጠቃሚው ራሱ የዲስኩን ፋይሎች እስካልነካ ድረስ ነባሩ ዊንዶውስ እንዳለ ይቆያል። ከፍላሽ የሚነበብ በመሆኑ ዝግታው የስርዓቱ ጠባይ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። መታየት ያለበት ዋይፋዩ መያዙ፣ ድምፁ መውጣቱ፣ ካሜራውና ማተሚያው መሥራታቸው፣ ላፕቶፑም ተከድኖ ሲከፈት መንቃቱ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ቨርቹዋል ማሽን ነው። ቨርቹዋልቦክስን የመሰለ ፕሮግራም በዊንዶውስ ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ይፈጥራል፤ የዚህ ኮምፒውተር ዲስክ በእውነተኛው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል በመሆኑ፣ ጀማሪው ሊያበላሸው፣ ሊሰርዘውና ደግሞ ሊፈጥረው ይችላል። ሁለት ስርዓቶች በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ 8 ጊጋባይት ራም ቢኖር ይመረጣል። ሁለቱ ዘዴዎች የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል፦ ላይቩ ማሽኑ ስርዓቱን ይቀበለው እንደሆነ ሲናገር፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ሰውየው ለሳምንታት ሲሠራበት ይለምደው እንደሆነ ያሳያል።

ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ስለገባ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ በሊኑክስም ይነበባል፤ በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች ግን የራሳቸው ፎንት ከሌለ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ አሮጌ ሰነዶችን በሙከራው ወቅት ከፍቶ ማየት፣ የለመዱት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ከሆነም ምትኩን መፈለግ ይገባል።

ስርዓቱ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ የሚጫነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተመሰጠረ ከሆነ ባለ 48 አኃዙ የመክፈቻ ቁጥር አስቀድሞ በወረቀት ይመዘገባል፤ ክፍሎቹ ሲከፋፈሉ መብራት ቢጠፋ ዲስኩ ሊበላሽ ስለሚችልም ላፕቶፑ በሞላ ባትሪ ላይ መሆን አለበት። ስርዓቱን ከዊንዶውስ ጎን ለጎን የሚያኖረውና ዲስኩን በሙሉ የሚጠርገው ምርጫ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀርቡ፣ ይህን ገጽ ቀስ ብሎ ማንበብ ግድ ነው። ሁለቱ ከተጫኑ በኋላ የዊንዶውስ ሰዓት በኢትዮጵያ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ቢገኝ ብልሽት አይደለም፤ ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር፣ ዊንዶውስ ደግሞ በአካባቢው ሰዓት ስለሚያነቡት የሚፈጠር ልዩነት ነው፤ በቅንብርም ይስተካከላል።

ሙከራው አለመጫንን ቢያስመርጥም አልከሸፈም። እንዲህ የወሰነ ሰው የሚቀረው ሥራ ፍላሹን ፎርማት አድርጎ ለፋይል መያዣነቱ መመለስ ብቻ ነው።