ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ከውስጥ ሲታይ

ሴዛር ሪትዝ እ.ኤ.አ. በ1850 ኒደርቫልድ በምትባል የስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር፣ የገበሬ ቤተሰብ 13ኛ ልጅ ሆኖ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ሆቴል ቤት ተቀጥሮ፣ ሳህን እያቀረበና እያነሳ ሙያውን ተማረ፤ በኋላም በ1889 ለንደን ውስጥ የተከፈተውን ሳቮይ ሆቴል እስከ መምራት ደረሰ። በ1898 ፓሪስ፣ ቫንዶም አደባባይ ላይ በስሙ የሚጠራውን ሆቴል ሲከፍት በየመኝታ ክፍሉ የግል መታጠቢያ ቤት ነበረ፤ ይህ በዚያን ዘመን ብርቅ ነበር። የመብራቱን ቀለም የመረጠው ደግሞ ባለቤቱን ማሪ ሉዊዝን ከብርሃኑ ሥር አስቀምጦ፣ ለፊቷ የትኛው እንደሚስማማ እያየ እንደሆነ ይነገራል። እራት ላይ የምትቀመጥ ሴት ሁሉ አምራ እንድትታይ አስቦ ነው።

ይህ ታሪክ የሙያውን ምስጢር ይዟል። የታላቅ ሆቴል አገልግሎት ማለት እንግዳው ገና ሳይጠይቅ ሌላ ሰው ስለ እርሱ አስቦ መቆየቱ ነው። በቤታችን እንግዳ ሲመጣ ይህ አይከብደንም፤ ተቀባዩ አንድ ቤተሰብ ነው፣ የመጣውም ሰው ልማዱ ይታወቃል። 300 ክፍል ባለው የከተማ ሆቴል ግን በሦስት ፈረቃ የሚቀያየሩ፣ ብዙዎቹ እርስ በርስ እንኳ በቅጡ የማይተዋወቁ ሠራተኞች አሉ። ማታ የተቀበለችህ ልጅ ጠዋት ወጥታለች። ስለዚህ ቸርነት ብቻውን አይበቃም፤ ደግነቱ በጽሑፍ ሰፍሮ ከፈረቃ ወደ ፈረቃ መተላለፍ አለበት። በብዙ ሆቴሎች የተለመደው ደንብ ስልክ ሦስት ጊዜ ሳይጠራ እንዲነሳ ያዝዛል። እንግዳው ሦስት ሜትር ያህል ሲቀርብ ሠራተኛው ዓይኑን አይቶ ፈገግ ይላል፣ አንድ ሜትር ተኩል ሲቀርብ ሰላምታ ይሰጣል። እንዲህ ሲጻፍ ቀዝቃዛ ይመስላል፤ ይሁንና ከረጅም በረራ በኋላ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሎቢው ውስጥ የገባ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል።

የሆቴል ልቡ ያለው ግን ሎቢው ውስጥ አይደለም፤ ሀውስኪፒንግ የሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። አንዲት የክፍል አጽጂ በብዙ የከተማ ሆቴሎች በአንድ ፈረቃ ከ12 እስከ 16 ክፍል ታዘጋጃለች፤ በቅንጦት ሆቴሎች ቁጥሩ ዝቅ የሚለው ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሰጠው ጊዜ ስለሚረዝም ነው። ለእያንዳንዱ አልጋ ቢያንስ ሦስት ሙሉ የአንሶላ ስብስብ ያስፈልጋል፤ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ ይሆናል። ከዚህ ካነሰ እንግዳው ክፍሉ እስኪደርስለት ሎቢ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ክፍሉ ከጸዳ በኋላም ሱፐርቫይዘሯ ገብታ አይታ “ዝግጁ ነው” ሳትል እንግዳ መቀበያው ቁልፉን አይሰጥም።

ጎበዟ አጽጂ ከማጽዳት ያለፈም ታደርጋለች። ከፍራፍሬው ሳህን ላይ ሙዙ ተበልቶ ብርቱካኑ እንደቀረ ታያለች። እንግዳው ሁለተኛውን ትራስ ወንበር ላይ እንደጣለው፣ ከአልጋው በየትኛው በኩል እንደተኛ ታያለች። ይህ ሁሉ በእንግዳው መዝገብ ይሰፍራል፤ ሰውየው ከስድስት ወር በኋላ ሲመለስ ሙዝ በርክቶ ይጠብቀዋል። ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል፤ እንደታሰበለት ግን ይሰማዋል። ይህችን ሴት የሙያው እውነተኛ ባለቤት አድርጌ እቆጥራታለሁ። ብዙ ጊዜ ስሟን የሚያውቅ እንግዳ የለም።

ሎቢው ውስጥ ኮቱ ላይ የተጠላለፉ ሁለት የወርቅ ቁልፎች የለጠፈ ሰው ካያችሁ፣ ኮንሲዬርዥ ነው። የቁልፎቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1929 ፓሪስ ውስጥ ነው የተጀመረው። ያለቀ የቲያትር ትኬት ማግኘት፣ እሑድ የሚከፍት የጥርስ ሐኪም መፈለግ የእርሱ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ነገር ይበላሻል። ሙቅ ውኃ ይቋረጣል፣ ሻንጣ ይጠፋል፣ ከጎረቤት ክፍል ጩኸት ይሰማል። ሆቴል የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው ሪትዝ ካርልተን ኩባንያ ለዚህ ያመጣው መፍትሔ ዝነኛ ነው። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ፣ ገና በልጅነቱ ሆቴል ውስጥ ሥራ የጀመረው ጀርመናዊው ሆርስት ሹልዝ፣ አስተናጋጅም እንደ ተስተናጋጁ የተከበረ ሰው ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ቅሬታ የሰማ ሠራተኛ፣ አጽጂም ይሁን በረኛ፣ የቅሬታው ባለቤት ሆነ። ችግሩን ለመፍታትም ለአንድ እንግዳ እስከ 2000 ዶላር ያለ አለቃ ፈቃድ እንዲያወጣ ሥልጣን ተሰጠው። ሙሉው ገንዘብ የሚወጣበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ አንድ ቁርስ፣ አንድ ታክሲ፣ አንድ የተሻለ ክፍል ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ኩባንያው ማልኮም ባልድሪጅ የተባለውን የአሜሪካ የጥራት ሽልማት በ1992 እና በ1999 ሁለት ጊዜ ወስዷል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ የሆቴል ታሪካችን አጭር አይደለም። በ1898 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የአገሪቱ የመጀመሪያ ዘመናዊ ሆቴል ነው። ሂልተን እ.ኤ.አ. በ1969፣ ሸራተን አዲስ በ1998 ተከፍተዋል። በ2007 ዓ.ም. ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር በመተባበር የኮከብ ምደባም ተካሂዷል። ከዚያ ወዲህም ከተማዋ ሌሎች ትላልቅ ሆቴሎችን ጨምራለች፤ እብነ በረዱም፣ የጣሪያ መብራቱም፣ ጥሩ ቡና የሚፈላበት ጥግም አለ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ሳይጠየቅ የሚያቀርብ ሆቴል ከማንም የተቀዳ ሳይሆን ከራሳችን የፈለቀ ትልቅ የአገልግሎት ደረጃ አለው።

የጎደለን ሥልጣን ነው። ሂሳብ ላይ የገባ ትንሽ ስሕተት እንኳ እንግዳ መቀበያው ላይ “ማናጀሩ ሲመጣ” እየተባለ ያድራል። ልጅቷ መልሱን ታውቃለች፤ ማድረግ ግን አልተፈቀደላትም። ዱባይና ዋሽንግተን ባሉ ታላላቅ ሆቴሎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ እዚያ የታመነ እጅ እዚህ የማይታመንበት ምክንያት አይታየኝም። የሆቴል ባለቤቶች ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሳይጠይቅ ሊያወጣው የሚችለውን ገንዘብ፣ አነስተኛም ቢሆን፣ ቆርጣችሁ በጽሑፍ ስጡ። እናንተም እንግዶች፣ ቅሬታችሁን ቤታችሁ ገብታችሁ ኢንተርኔት ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ሂሳብ ሳትዘጉ እዚያው ንገሩ፤ ሊታረም የሚችለው ገና ክፍሉ ውስጥ ሳላችሁ ነውና።